ሃምሳ አምስት ቀን ከአንድ ድንጋይ ጋር

የካቲት 4 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ እሑድ

ዛሬ ቅበላ ነው። ነገ ጾም ይገባል፣ ሉካንዳው ይዘጋል፣ እኔም እስከ ፋሲካ ሥራ ፈት ነኝ። ሌላ ጊዜ ይህን ቀን እወደዋለሁ። ሰው ሁሉ ነገ ሥጋ ከምድር የሚጠፋ ይመስል ይበላል፤ የበላ ሁሉ «ክንዱ፣ እጅህ ይባረክ» ይለኛል። ዘንድሮ ግን እጄን የመረቀው የለም።

የሆነውን ልጻፈው። እንደ ልማዳችን የሰፈሩ አሥራ ሁለት አባወራ ቅርጫ ገባን። በሬው ታረደ፣ መደቡን የመደብኩት እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ስመድብ ሚዛን ነክቼ አላውቅም። ከሻኛውም ከዳቢቱም ከጨጓራውም ቆርጬ አሥራ ሁለት የኮባ ቅጠል ላይ ስደረድር «ሚዛኑ ዓይኑ ውስጥ ነው» ይሉኛል። ዕጣ ተጣለ፣ ሁሉም የደረሰውን ተሸከመ። ከዚያ ያ መምህር ቢያዝን፣ በአጥር የምንዋሰነው የሒሳብ አስተማሪ፣ ድርሻውን ሄዶ የሉካንዳው ሚዛን ላይ አወጣው። የጎረቤቱንም አስመጥቶ አወጣው። ልዩነቱ አንድ ኪሎ ተኩል። ሒሳብ አስተማሪ ቅርጫ ማስገባት ድሮም ስህተት ነበር።

«ጋሸ ክንዱ፣ ለክፋት እንዳይመስልዎ» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ለክፋት ያልሆነ ነገር እኮ በጆሮ ይነገራል።

ወዲያው ጥፋቱ የማን እንደሆነ አስረዳኋቸው። ቢላዋው ደንዟል። የደነዘው መሳያ ድንጋዬ መሃሉ ስለጎደጎደ ነው። ጎድጓዳ ድንጋይ ስለቱን ያንጋድደዋል፣ የተንጋደደ ስለት ደግሞ እጅ ወዳላሰበው ይሄዳል። የሉካንዳው ባለቤት አቶ ሰውነት ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ እስክጨርስ ሰማኝ።

«እንግዲያው ሃምሳ አምስት ቀን አለህ» አለኝ። «ድንጋይህን አስተካክል። ለፋሲካም እንዲህ ከሆነ ከቡሬ አሸናፊን ነው የማመጣው። ቅርጫውም ሉካንዳውም የሱ ይሆናል።»

አሸናፊ ማለት ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቢላዋ ሲይዝ ትንሿን ጣቱን የሚያነሳ ሰው ነው። ሥጋ እየቆረጠ ነው ወይስ ሻይ እየጠጣ፣ አይለይም።

የካቲት 5፣ ሰኞ

ይህ ደብተር የልጄ የህይወት ነው። ነርስነት ትማራለች፤ ግማሹን የኩላሊት ሥዕል ሞልታው ተወችው። መስመሩ በጣም ፈዛዛ ነው። የዘንድሮ ፋብሪካዎች ቀለም እየቆጠቡ ነው መሰለኝ። ስለዚህ ፊደሌን ከፍ ከፍ አድርጌ እጽፋለሁ። በልጅነቴ ድጓ ጥዬ ዳቢት የያዝኩ ሰው ብሆንም ጽሕፈቴን የሚያማ የለም።

ድንጋዩን ከሉካንዳው ቤቴ አመጣሁት። ግራጫ ነው፣ ርዝመቱ ስንዝር ተኩል። ከቀድሞው ጌታዬ የወረስኩት ነው። ሁልጊዜ መሃሉ ላይ ብቻ እየሳልኩ መሃሉ እንደ መዳፍ ሰርጉዷል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዳር ዳሩንም ማሠራት ነበረብኝ። ውሃ አጠጣሁት፣ የላህ ወንዝ አሸዋ ነሰነስኩ፣ የደጁ ሲሚንቶ ላይ መፈተግ ጀመርኩ።

ባለቤቴ አቻምየለሽ ከጓዳ ብቅ ብላ «ጾሙ የገባው ዛሬ ነው፣ አንተ ከወዲሁ ድንጋይ መብላት ጀመርክ?» አለችኝ።

የካቲት 8፣ ሐሙስ

ድንጋይ መስተካከሉ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ፊቱ ላይ በከሰል መስመር ይሰመራል፣ ከላይ ወደ ታች አምስት፣ ወደ ጎን ሦስት። ስትፈትገው ከፍ ያለው ቦታ ላይ ያለው መስመር ቀድሞ ይጠፋል፤ ጎድጓዳው ውስጥ ያለው መጨረሻ ነው የሚለቀው። ሁሉም ሲጠፋ ድንጋዩ ለጥ ብሏል ማለት ነው።

ሩብ ሰዓት እንኳ ሳልፈትግ ሁሉም ጠፋልኝ። ደስ ብሎኝ አቻምየለሽን ጠራኋት።

«የቱ ነው የጠፋው?» አለች።

«ሁሉም።»

«መሃሉ ላይ ቁጭ ብሏል እኮ፣ ክንዱ።»

ድንጋዩን ወደ ፀሐይ አዞርኩት። ምንም የለም። እሷ ግን ጣቷን አስቀምጣ «ይኸው፣ ይኸው፣ ይኸው» እያለች ቆጠረች። እንድቀጥል ብላ ነው፤ ሥራ ፈትቼ ጓዳ እንዳልገባባት። ሃያ አምስት ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህ አይጠፋኝም። ቢሆንም ለሰላም ብዬ እንደገና ፈተግሁ።

የካቲት 11፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የነፍስ አባቴ ከአጥር ሥር ነጭ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። ባርኔጣዬን አወለቅሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ፣ መስቀል እስኪያሳልሙኝ ጠበቅሁ። ዝም አሉ። ስለ ቅበላው ሰምተው ተቀይመዋል ብዬ «አባቴ፣ ጥፋቱ የድንጋዩ ነው» አልኳቸው።

አጥር ላይ የተሰጣ የማዳበሪያ ከረጢት ነበር።

ፀሐይ ፊት ለፊቴ ነበረች። ማንም ሰው ይሳሳታል። ያየኝ አልነበረም፣ ከቢያዝን በቀር። እሱም አይቶ እንዳላየ አለፈ። ነገ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሲስቅብኝ ታዩኛላችሁ።

የካቲት 13፣ ማክሰኞ

ትምህርት ቤቱ አልሳቀም። ቦኖ ውሃ ላይ ግን ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ፤ «ክንዱ ጠጪ ሆኗል አሉ፤ መንገድ ላይ ለሰው ሰላምታ አይመልስም፣ ከረጢት ይሳለማል።» ስለዚህ ቢያዝን ሳይሆን ሌላ ሰው አይቶኛል ማለት ነው። በጾም አንዲት ጠብታ አልቀመስኩም። ሰው ጠጥቶ ሲሰደብ አንድ ነገር ነው። ሳይጠጡ መሰደብ ግን ኪሳራ ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ደጃፌ ቆሞ ስፈትግ አይቶኝ ሳቀ። «መጪው ዓመት ሚሊኒየም ነው፤ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅና የድንጋይ ፈታጊዎች ማኅበር አቋቁም» አለኝ። አባል ከተገኘ እምቢ አልልም።

የካቲት 15፣ ሐሙስ

ሲሚንቶው እንደማያዋጣ ገባኝ። እሱ ራሱ ሻካራና ወጣ ገባ ነው፤ ወጣ ገባ በሆነ ነገር ሌላውን ማስተካከል አይቻልም። ጠንካራ ሰፊ ድንጋይ ያስፈልገኛል። ቤቱን ዞሬ ፈለግሁና ጓዳ ውስጥ አገኘሁት። የአቻምየለሽ ወፍጮ!

እሷ ማኅበር ሄዳለች። ወፍጮውን አጠብኩት፣ አሸዋ ነሰነስኩበት፣ እስከ ቀትር ፈተግሁ። እንዴት ያለ ድምፅ፣ እንዴት ያለ ሥራ! ድንጋዬም ለሰለሰ፣ ወፍጮውም ከመለስለሱ የተነሣ እንደ መስታወት ሆነ። ሁለት ጥቅም በአንድ ሥራ። ስትመጣ ትደሰታለች።

የካቲት 16፣ ዓርብ

አልተደሰተችም።

የካቲት 17፣ ቅዳሜ

አሁን በዝርዝር። ትናንት አዋዜ ልትፈጭ በርበሬውንና ነጭ ሽንኩርቱን ወፍጮው ላይ አደረገች፣ መጁን ገፋች፤ መጁ ተንሸራተተና በርበሬው ግድግዳ ላይ ሄደ። እንደገና ገፋች፤ እንደገና ሄደ። ወፍጮ እንዲፈጭ ሻካራ መሆን አለበት፤ ለዚህ ነው ሴቶች በየጊዜው የሚወቅሩት። ይህን የማያውቅ የጎጃም ወንድ የለም። እኔም አውቃለሁ። ግን ሐሙስ ዕለት የማሰላስለው ስለ ድንጋዬ ነበር።

ያ ወፍጮ ደግሞ እናቷ እማሆይ ወለተሥላሴ ስትዳር የሰጧት ነው። ከቡሬ ወዲያ ካለው መንደራቸው በአህያ ተጭኖ የመጣ።

ስትጮህ ብትውል ይሻለኝ ነበር። ግድግዳውን ብቻ ጠረገች። ከዚያ «አውቀህ ነው ወይስ ሳታይ?» አለች።

«ምኑን?»

«ወፍጮውን ስትጨርሰው። አይታይህም ነበር?»

«እንዴት አይታየኝም? ይታየኝ ነበር። እንዲለሰልስ ፈልጌ ነው» አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ፣ እናቷ እንዳመማቸው ተናግራ በሚኒባስ ወደ ቡሬ ሄደች። እማሆይ በሕይወት ዘመናቸው ታመው አያውቁም።

የካቲት 21፣ ረቡዕ

ብቻዬን። ሽሮ ሠራሁ። ሽሮ ሳይሆን አብሽ ኖሯል። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ዕቃ ማስቀመጥ ምን የሚሉት አያያዝ ነው። አራት ጊዜ ጓሮ ወጣሁ።

የካቲት 25፣ እሑድ

መጻጉዕ። ካህኑ ስለዚያ ዘመኑን ሁሉ አልጋ ላይ ተኝቶ ስለከረመው በሽተኛ ሰበኩ። ሲሰብኩ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር መሰለኝ። ርቀት ስለነበረ እርግጠኛ አይደለሁም።

ከሰዓት ወፍጮውን ለመውቀር ተቀመጥኩ። አቻምየለሽ ስትመለስ ተወቅሮ ብታገኘው ነገሩ ይበርዳል። መውቀሪያውን አነሣሁና መታሁ። ድንጋዩን ሁለት ጊዜ፣ አውራ ጣቴን ሦስት ጊዜ። አይ ሙያ። አቻምየለሽ እየዘፈነች ነው የምትወቅረው።

ናፍቃኛለች። ይህን ለማንም አልናገርም፣ ለደብተሩ ግን ይቻላል።

የካቲት 28፣ ረቡዕ

አቶ ሰውነት አሸናፊን አስከትሎ መጣ። ለሰላምታ ነው አለ። እኔ ጓዳ በር ላይ ተቀምጬ፣ ጣቴን በጨርቅ ጠቅልዬ ወፍጮ እወቅራለሁ። የሴት ሥራ ላይ መገኘቴ ሳያንስ በአሸናፊ ፊት።

«ድንጋዩስ?» አለ አቶ ሰውነት።

አመጣሁለት። ቢላዋዬንም አመጣሁ፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ ስስለው ውያለሁ። አሸናፊ ስለቱን ጥፍሩ ላይ አሳረፈው። የተሳለ ቢላዋ ጥፍር ላይ ይነክሳል፤ የኔው ተንሸራቶ ወረደ። ይስቃል ብዬ ጠበቅሁት። አልሳቀም፤ ቢላዋውን በሁለት እጁ አክብሮ መልሶ አስቀመጠልኝና «ጥሩ ብረት ነው ጋሸ» አለ።

ቢስቅ ኖሮ እሰድበው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል?

ሲወጡ አቶ ሰውነት በር ላይ ለአሸናፊ ያለውን ሰማሁ፤ «ሰውየው ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከመስከረም ወዲህ ነው።»

እኔም ከመስከረም ወዲህ ነው የምለው። ድንጋዩ የጎደጎደው።

መጋቢት 6፣ ሐሙስ፣ ከእማሆይ ቤት

ትናንት አቦ ነበር፣ ቀኑ ጥሩ ነው ብዬ ድንጋዩን በከረጢት ይዤ ወደ ቡሬ ተሳፈርኩ። ከቡሬ አንድ ሰዓት በእግር። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ የጤፍ ማሳው መንገድ ድንጋያም ሆኗል።

አቻምየለሽ ደጅ እህል ስታበጥር አገኘኋት። «እማሆይ እንዴት ናቸው፣ ሕመሙ?» አልኳት። «ተሽሏቸዋል» አለች፤ እሳቸው ከኋላዋ የእንጨት ሸክም ተሸክመው እያለፉ።

ከአማት ፊት መቀመጥ ለኔ ከፍርድ ቤት ይከብደኛል። እግሬን ሰብስቤ፣ ዓይኔን መሬት ላይ አድርጌ ስለ ወፍጮው ይቅርታ ጠየቅሁ። እማሆይ ወፍጮውን ትተው «ድንጋይህን አምጣው እስቲ ልጀ» አሉኝ። ቀጭን እጃቸውን ዘርግተው ፊቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ።

«ይህ ድንጋይ አርግዟል» አሉ።

አቻምየለሽ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እማሆይ ግን እየቀለዱ አልነበረም። ወፍጮ መሃሉ ሰርጎድ ያለ ነው፤ ያን ላይ ሲፈተግ ድንጋዬ ሆድ አወጣ። ቀድሞ ጎድጓዳ ነበር፣ አሁን ሆዳም ሆነ። እኔ ሦስት ሳምንት ለጥ ያለ መስሎኝ ቢላዋ ስስልበት ከርሜያለሁ።

እማሆይ ከጓሯቸው ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች አመጡ። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ወፍጮና መጅ ያስተካከሉ ሰው ናቸው።

«ሁለት ድንጋይ ብቻ ስታፋትግ አንዱ ሆድ ያወጣል፣ ሌላው ይጎደጉዳል፤ ተመቻችተው ይታለላሉ» አሉኝ። «ሦስተኛ አስገባበት። አንደኛውን ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው፣ ሦስተኛውን ከአንደኛው እያፈራረቅህ ፈትግ። ሦስት ሆነው መታለል አይችሉም።»

ውሃና አሸዋ አቀረቡልኝ። ጀመርኩ። ከሰል አንሥቼ መስመር ላሰምር ስል እጄን ያዙኝ።

«ከሰሉ ይቅር። ዓይንህን ጨፍን።»

ጨፈንኩ።

«አሁን ዳስሰው። ከቅድሙ ባሰብህ?»

«ኧረ አልባሰብኝም፣ እማሆይ» አልኩ። «ብጨፍንም ብገልጥም ያው ነው።»

አቻምየለሽ ሰፌዱን ማንሣት አቆመች። ምን እንደተናገርኩ ያኔ ገባኝ። ወዲያው «ማለቴ እጄ ጎበዝ ነው» ብዬ አስተካከልኩት። እማሆይ «አዎ፣ እጅህ ጎበዝ ነው ልጀ» አሉና ውሃ ጨመሩልኝ።

መጋቢት 9፣ እሑድ

ሦስት ቀን ፈትጌ ተመለስኩ፤ አቻምየለሽም አብራኝ ተመለሰች። ወፍጮውን አይታ «ይህን የወቀረው ዶሮ ነው?» አለችና በአንድ ከሰዓት አስተካክላ ወቀረችው። አዋዜ በላን።

ድንጋዩ አሁን ድንጋይ ነው። መዳፌን ሳሳርፍበት የትም አይነሣም፣ የትም አይወርድም። ቢላዋውን ሳልኩት፤ የክንዴን ፀጉር ላጨው። ለድንጋዩ ሕግ አውጥቻለሁ። መሃሉን ብቻ ማሠራት ቀረ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ዛሬ በዚህ ጎን፣ ነገ በዚያ ጎን። ከሥራ በኋላ ጭቃውን አጥቦ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል። ፀሐይ ላይ አለማስጣት፣ ይሰነጠቃል። በየሳምንቱ ቅዳሜ ሳይጎደጉድ ከሁለቱ የእማሆይ ድንጋዮች ጋር ትንሽ ትንሽ ማፋተግ። እንዲህ የተያዘ ድንጋይ ልጅ ያወርሳል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከድንጋዩ የምፈልገው ሁሉ ሆኖልኛል።

መጋቢት 13፣ ሐሙስ

በጾም ሥጋ የለም፤ ዱባ ላይ ተለማመድኩ። ሦስት ዱባ ለአሥራ ሁለት። ቢላዋው ቅቤ እንደሚቆርጥ ያልፋል። ህይወት ከትምህርት ቤት መጥታ ነበር፤ ከሱቅ ሚዛን ተውሳ መዘነችው። አንዱ መደብ ከሌላው እጥፍ ሆነ።

«ዱባው ጠማማ ነው» አልኳት።

«አባባ፣ ቢላዋው ደህና ነው?»

«ምላጭ ነው።»

«ድንጋዩስ?»

«ለጥ ያለ ነው።»

ከዚያ ወዲያ የምትጠይቀው አልነበራትም። ቀረብ ብላ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞረችና ዓይኔን አየች። ሐኪም መሆኗ ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ፤ ከባሕር ዳር የዓይን ሐኪሞች ይመጣሉ፣ ከመጋቢት 19 እስከ 21፣ ሦስት ቀን ብቻ፤ ካመለጡ የሚመለሱት ሐምሌ ላይ ነው። የዓይኔን ሞራ ያወጡታል። ከዚያ አንድ ወር ማጎንበስ የለም፣ መሸከም የለም፣ ቢላዋ የለም።

«አንድ ወር ማለት ፋሲካ አለፈ ማለት ነው» አልኳት።

«ፋሲካ በየዓመቱ ይመጣል አባባ።»

ለሷ ይመጣል። እኔ ዘንድሮ ፋሲካ ቤት ከተኛሁ አሸናፊ ይቆርጣል። አሸናፊ አንድ ጊዜ ከቆረጠ ክንዱን የሚጠራው የለም። ይህ ቢያዝንን የማይጠይቅ ሒሳብ ነው፤ እኔም እችለዋለሁ። ደግሞ የምን ሞራ? የበሬ ሞራ ስገፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ቢኖር አላውቀውም?

መጋቢት 19፣ ረቡዕ

አቻምየለሽ በጠዋት ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆመች። ድንጋዩን እያራስኩ ነበር። ሥራ አለኝ አልኳት።

መጋቢት 20፣ ሐሙስ

ቆመች። ድንጋዩን አፋተግሁ። ቅዳሜ መሆን ነበረበት፣ ግን ቀድሞ ቢሆን አይጎዳም።

መጋቢት 21፣ ዓርብ

ዛሬ በር ላይ አልቆመችም። ነጠላዋ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ሐኪሞቹ ከቀትር በኋላ ተጭነው ሄዱ፣ መኪናቸው በዋናው መንገድ ሲያልፍ ሰማሁት።

ድንጋዩን ሦስት ቀን ሙሉ አጥቤዋለሁ። የቀረኝ እሱን ማጥመቅ ነው።

መጋቢት 24፣ ሰኞ

ሰሙነ ሕማማት። ስግደት። ግንባሬ መሬት ላይ ሲሆን ሁሉም ሰው እንደኔ ነው፤ ማንም ምንም አያይም። ቀና ስንል ነው ችግሩ።

መጋቢት 29፣ ቅዳሜ

ነገ ነው። አቶ ሰውነት አሸናፊም እንደሚመጣ ላከብኝ፣ «ለማገዝ»። ቢላዋውን አራት ጊዜ ሳልኩት። ከዚህ በላይ የሚሳል ነገር የለውም።

አቻምየለሽ ጎኔ ተቀመጠች። «ክንዱ፣ ለአንድ ሰው እንኳ እንንገር» አለች።

«ምኑን?»

እጄን ይዛ ቆየች። እኔም ልነግራት ፈልጌ ነበር። አፌ እምቢ አለኝ።

ሚያዝያ 1፣ ሰኞ

ይህን የምጽፈው እኔ ህይወት ነኝ። አባባ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድም ቃል እንዳላሳምር አስምሎኛል።

ጻፊ። ትናንት ማለዳ በሬው ታረደ። ሰው ሁሉ ከቅዳሴ ወጥቶ እንቅልፉ ዓይኑ ላይ ነው። ፀሐይዋ ገና ወጥታ ፊት ለፊቴ። አሥራ ሁለት የኮባ ቅጠል በሁለት ረድፍ አነጠፍኩ። መቁረጡ እንዴት ያለ ነበር! ቢላዋው አጥንቱን ራሱ ያገኘዋል፤ እጄ መገጣጠሚያውን በዳሰሳ ያውቀዋል። አሸናፊ አጠገቤ ቆሞ ጎድኑን ይይዝልኛል፣ አንዴም አላረመኝም። እየዞርኩ አካፈልኩ፤ ከዳቢቱ፣ ከሽንጡ፣ ከጨጓራው። ጨርሼ ቀና አልኩና «ዕጣ ጣሉ» አልኩ።

ማንም አልተናገረም። ልክ ስለሆነ ተደንቀው ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። (አባባ፣ ይሄም ይጻፍ? ጻፊው።)

ቢያዝን ከሰው መሃል ወጣ። ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ መጨረሻው ቅጠል ላይ አስቀመጠ። «እኔ ዕጣ አልጥልም፣ የኔ ይህ ይሁን» አለ። «በቅበላ ጋሸ ክንዱን አስቀይሜያለሁ፤ ለካሣ ነው።» ሰው ሁሉ «ይሁን፣ ይሁን» አለ። የተቀሩት ዕጣቸውን ጣሉና ድርሻቸውን ማንሣት ጀመሩ።

ልቤ ተነካ። ያ አስተማሪ እንዲህ ከተዋረደልኝ እኔም ላክብረው፣ ድርሻውን በእጄ ላሸክመው አልኩ። ወደ መጨረሻው ቅጠል ሄጄ ጎንበስ አልኩ፣ ላነሣው ሁለት እጄን ሰደድኩ። እርጥብ ቅጠል። ጠመኔ። ሌላ ምንም የለም።

እዚያ ቅጠል ላይ ምንም አላኖርኩም ነበር። አጠገቡ ያለው ላይ ሁለት ጊዜ ደርቤ ነበር። አሥራ አንዱም ሰው፣ አቶ ሰውነትም፣ አሸናፊም አይተውታል። ቢያዝን ዕጣው ማንም ላይ ሳይወድቅ ቀድሞ የወሰደው ለዚህ ነው። ጆሮዬ አጠገብ ተጠግቶ በሹክሹክታ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ «ይተዉት ጋሸ፤ ይበቃኛል» አለኝ። ቅጠሉን አጥፎ ብብቱ ውስጥ ሊያስገባ ነበር።

ቀና አልኩ። «አይታየኝም» አልኩ። ጮክ ብዬ። ሰው ሁሉ ድርሻውን እንደያዘ ቆመ። «ግራ ዓይኔ ከመስከረም ጀምሮ፣ ቀኙ ከገና ጀምሮ። ሰው ጥላ ነው የሚመስለኝ። በቅበላም የድንጋዩ ጥፋት አልነበረም።» ቢላዋውን በእጀታው አዙሬ ወደ አሸናፊ ዘረጋሁት። አሸናፊ እንደ ልማዱ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። የተደረበውን መደብ ለሁለት ከፍሎ ለቢያዝን ሰጠው። አቶ ሰውነት ትከሻዬን ይዞ እስከ ቤቴ በር አደረሰኝ።

አቻምየለሽ በር ላይ ነበረች። ነገርኳት። «ስሜን ሐምሌ ላይ ለሚመጡት ሐኪሞች አስመዝግቢ» አልኳት። ሥራ በዛብኝ ብዬ በተደበቅሁበት በመጀመሪያው ቀን፣ ለሐምሌውም ጭምር አስመዝግባኝ ኖሯል። ሃያ አምስት ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህ ጠፋኝ።

(አባባ፣ ደብተሩ ረጠበብኝ፣ ትንሽ ቆይ።)

አልቅሰሽ ስትጨርሺ ጻፊ። አባትሽ ሥራ በዝቶበት አልነበረም ሐኪሞቹ ጋ ያልሄደው። ፈርቶ ነው። ደብተሩን ሙሉ ስለ ድንጋይ ጻፍኩ፣ ይህችን አንዲት ቃል ለመጻፍ ሃምሳ አምስት ቀን ፈጀብኝ። ፈርቼ ነበር፣ ህይወት። አሁንም እፈራለሁ። ሐምሌ ድረስ እጄን ይዘሽ አድርሺኝ።